ደጋግሞ የሚደውለው እቃ ለምን አይደግምም?

እናቴ የምትታከምበት ክሊኒክ ቀጠሮ የሚሰጠው በስልክ ብቻ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መስመሩ ሁሌ ይያዛል፣ ስለዚህ ራሱ ደጋግሞ የሚደውል እቃ ከአሜሪካ አስመጥቼ እዚህ ጀርመን የቤት ስልካችን ላይ ሰካሁት። አንዴ ይደውላል፣ ቱ ቱ ቱ ይላል፣ በቃ እንደዛው ይቀራል፣ ዘግቶ መድገም የለም። ገመድ ቀየርኩ፣ ከጎኑ ያለችውን ማብሪያ ከፐልስ (በትክታ መደወያ) ወደ ቶን (በድምፅ መደወያ) አዞርኩ፣ መደወሉ ፈጠነ እንጂ ችግሩ እዛው ነው።

ነገሩ ለካ ድምፁ ላይ ነው። እቃው መስመር መያዙን የሚያውቀው በጆሮ ነው ማለት ይቻላል፣ የአሜሪካው የተያዘ መስመር ድምፅ 480 እና 620 ኸርዝ ተደባልቆ ነው፣ የጀርመኑ ግን 425 ኸርዝ ብቻ፣ ታዲያ የማያውቀውን ድምፅ ሰምቶ ምን ያድርግ! ሻጮች ይሄን ካርቶኑ ላይ ቢጽፉት ስንት ሰው በተረፈ።

የእኔ እቃ ድምፁን ትቶ በሰዓት እንዲዘጋና እንዲደግም የሚያደርግ ሴቲንግ አለው፣ 30 ሰከንድ ላይ አደረግኩት፣ አሁን ይሰራል። ግን አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ሰው ሲያነሳ ቶሎ እጀታውን ካላነሳችሁ እሱም ላይ ይዘጋበታል።

የቢሮ ስልክ ላይ የምትሰኩት ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ መስመር ለመውጣት መጀመሪያ ከሚደወለው ቁጥር በኋላ ፖዝ (አጭር ማቆያ) አስገቡ፣ አለዚያ መስመሩ ሳይከፈት የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ይበላሉ።