ባሕሩ በስንት ሰዓት ነው የሚሞላው? ከፑል ወደ ዛንዚባር የተሻገረው የዋና ልምምዳችን

ሰላም እንዴት ናችሁ። ባለፈው ሳምንት ከዛንዚባር ተመልሰናል፣ ሳይበርድልኝ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። የመጨረሻው ቀን ጠዋት እኔና ባለቤቴ መልህቅ ከጣለች ጀልባ ላይ ወርደን፣ እግራችን መሬት ሳይነካ አሸዋው ድረስ ዋኝተን ወጣን። እጄን ስልሳ ሁለት ጊዜ ወርውሬያለሁ፣ ቆጥሬዋለሁ። መስከረም ላይ ፊቴን ውሃ ውስጥ መንከር ያቃተኝ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ ደስታዬ ትንሽ ቢበዛ አትፍረዱብኝ።

መዋኘት የጀመርነው ፑል ውስጥ ነው፣ አላረዝመውም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት ወር። የባለቤቴ ችግር ጥልቀት መፍራት ነበር፣ የእኔ ደግሞ እግሬ እንደ ድንጋይ ወደ ታች መውረዱ። ሁለታችንንም የጠቀመን አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሆኖ በአፍንጫ "እምምም" እያሉ አየር ማስወጣት ነው። ትንፋሹን አፍኖ የሚዋኝ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይሰምጣል፣ ሌላ ሚስጥር ያለው አይመስለኝም። ቪዲዮ ግን ይቅርባችሁ፣ እኔ ሃምሳ ቪዲዮ አይቼ አንድ ሜትር አልሄድኩም።

ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ የሁለታችንም እረፍት ሲገጥም ዛንዚባርን መረጥን። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሦስት ሰዓት እንኳን አይሞላም። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን እንዳትረሱ፣ የዛንዚባር የ44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስም ለውጭ ጎብኚ ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ ግዴታ ነው። ስቶን ታውን በሚሉት አሮጌው ከተማ አንድ ሌሊት ብቻ አደርን፣ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የምግብ ገበያ ላይ በላን፣ በማግስቱ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ወደ ጃምቢያኒ ሄድን። እዚህ ላይ አቋም አለኝ፦ ሁለት ሰው ለማረፍ ከሄደ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ዛሬ የቅመም ጉብኝት፣ ነገ ዝንጀሮ፣ ከነገ ወዲያ ዶልፊን ብሎ የሚሯሯጥ ጥንድ ደክሞት ተጣልቶ ነው የሚመለሰው።

ጃምቢያኒ ረጅም የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ቤቱ በኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው ማኩቲ የሚሉት የኮኮናት ቅጠል፣ መንገዱ አሸዋ። እኛ ያረፍንበት ስድስት ክፍል ያለው ቤት ነበር፣ በባዶ እግራችሁ ከክፍል ወጥታችሁ ባሕር ነው። ረቡዕና ዓርብ ምን እበላለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር፣ ማሃራጌ ያ ናዚ የሚባል በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሳይ ነገር አለ፣ ከቻፓቲ ጋር ጾሜን ሳልገድፍ ጥግብ አልኩ። ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ መንደር ውስጥ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ። ትልቅ ሰው ስታገኙ "ሺካሞ" በሉ፣ "ማራሃባ" ይሏችኋል፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ናችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ምክንያቱም ግማሹን ሳምንት የበላብን እሱ ነው።

ያ ዳርቻ ፑል አይደለም። ጠዋት ተነስታችሁ ስታዩ ባሕሩ የለም። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል፣ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስረው አጎንብሰው ምዋኒ ማለትም የባሕር አረም እርሻቸውን ይሠራሉ። አንዷ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፦ ሁለት ችካል መሬት ላይ ተክላ በመካከላቸው ገመድ ወጥራለች፣ ገመዱ ላይ በየስንዝሩ ትንሽ ትንሽ ቅንጥብጣቢ እያሰረች ትሄዳለች፣ ጣቶቿ ከጨውና ከውሃ ብዛት እንደ ታጠበ ጨርቅ ተሸብሽበዋል። ከሰዓት በኋላ ያ የቆምኩበት ቦታ ሰው የሚያሰጥም ባሕር ነው። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል።

እና እኛ የፈለግነው ውሃ ወገብ የሚደርስበትን ሰዓት ነው። አንድ አዛውንት ጀልባ ነጂ፣ ሰው ሁሉ ምዜ ነው የሚላቸው፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከሪፉ፣ ማለትም ባሕሩ ውስጥ ካለው የኮራል አለት፣ ወዲህ እንደ ገንዳ ተኝቶ የሚቀር ጥሩ ውሃ አለ፣ በእግር ወስጄ አሳያችኋለሁ፣ ነገ "ሳ ኔ" ኑ አሉን። ሳ ሰዓት፣ ኔ አራት ነው፣ ባለቤቴ ቁጥሩን አጥንቶ ስለነበር ስልኩ ላይ አራት ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ የውጭ አገር ሰው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚናገረው ብዬ አራት ማለት በእኛ አስር ነው አልኩት። በአስር ሰዓት ማስካችንንና ስኖርክል የሚሉትን የመተንፈሻ ቱቦ ይዘን ስንወጣ ውሃው የቤቱን ደረጃ እየመታ ነው፣ ነፋስ አለ፣ ሞገድ አለ፣ ምዜ የሉም። ሰውየው ዋሹን ብለን ተናደድን፣ ተናደን ሳንዋኝ ገባን፣ ከዚያ እርስ በርሳችንም ተኮራረፍን።

ማታ ቡና ልናገኝ ወጥተን ስናያቸው እሳቸው ተቀይመዋል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀውናል። የሰዓታቸውን ጠርዝ በጣታቸው እየነኩ "ሳ ኔ አሱቡሂ" ብለው ደገሙልን። አሱቡሂ ጠዋት ነው። ጠዋት አራት ሰዓት! በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ ነው ለካ። ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ ሳ ሞጃ አንድ ሰዓት ነው፣ የእኛው አንድ ሰዓት፣ ምንም የሚቀነስ የሚደመር የለም። እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ እጃቸውን ይዞ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ እኔ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም፣ ሰው አገር ሄዶ የራስን ሰዓት ማግኘት እንዴት ደስ እንደሚል።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። በእኛ ሰዓትና በፈረንጁ መካከል ስድስት ሰዓት አለ አይደል? ባሕሩም ከጉድለት ወደ ሙላት ለመድረስ የሚፈጅበት ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሰዓት የተሳሳተ ሰው ትንሽ አይደለም የሚሳሳተው፣ የሚያገኘው የፈለገውን ተቃራኒ ባሕር ነው። ስልክ ላይ ያለው የሙላት ሰንጠረዥ በፈረንጅ ነው፣ ምዜ የሚናገሩት በስዋሂሊ፣ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ እንደ ሰዉ እያየ ይቀያይረዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ከስልኩ ያየነውን ሁሉ ወደ እኛ ሰዓት ገልብጠን ወረቀት ላይ ጽፈን በር ላይ ለጠፍን፣ ጭቅጭቁም እዚያው ቆመ።

ሌላው ጨረቃ ነች። ሙላቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል፣ የሚጠነክረው ደግሞ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ነው፣ ባምቩዋ ይሉታል። ግማሽ ጨረቃ ሲሆን ውሃው ብዙም አይሸሽም ብዙም አይመጣም፣ ይህን ደግሞ ማጂ ማፉ ይሉታል፣ የሞተ ውሃ ማለት ነው። አባቴ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ፣ ደውዬ "አባባ ዛሬ ጨረቃ ስንት ቀኗ ነው?" ስላቸው ሳያቅማሙ "አሥራ ስድስት፣ ምነው?" አሉኝ። የደረስነው ልክ ባሕሩ በኃይል በሚሞላበት ቀን ነበር። አባቴ ባሕር አይተው አያውቁም፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው እየደወሉ "ዛሬ አሥራ ስምንት ነው፣ ውሃው እንዴት ዋለ?" ይሉኝ ነበር።

እናም ምክሬ ይሄ ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፦ ለጀማሪ ሙሉ ጨረቃ አይሆንም። ሰው ሁሉ ለፍቅር ሙሉ ጨረቃ ይላል፣ በእርግጥ ከባሕሩ ላይ ስትወጣ ማየት ልብ ይሰርቃል፣ እኛም አይተናታል። ለመማር ግን ሆቴሉን ሳይሆን መጀመሪያ ጨረቃዋን ቁጠሩና ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት ሂዱ። ለእኛ እንኳን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባክነው ከአምስተኛው ቀን በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። ሙላቱ ወደ ጠዋት መጣ፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ውሃው ሙቅና ጸጥ ያለ። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ያነሳል፣ ፑል ውስጥ የሚወርደው እግሬ እዚያ ራሱ ተንሳፈፈ። በጀርባዬ ተኝቼ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሆኖ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እየሰማሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ላይፍ ጃኬት ጀልባ ላይ ይለበስ፣ ግዴታ ነው። ለልምምድ ግን አትልበሱት፣ ደረትን ብቻ ስለሚያነሳ ሰውነት ቀጥ ማለትን አይማርም። በእሱ ፋንታ አንዱ ሲዋኝ ሌላው ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አጠገቡ ይቁም፣ እኛ እየተፈራረቅን እንደዚያ ነው ያደረግነው። ከሪፉ ውጪ አትውጡ። በጉድለት ሰዓት ወደ ውስጥ ስትሄዱ ወደኋላችሁም ተመልከቱ፣ ውሃው ሲመለስ ከዳርቻው በኩል ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ቀድሞ ሊሞላ ይችላል፣ እኛ አንድ ቀን እስከ ጭናችን ደርሶብን ሮጠን ነው የወጣነው። የውሃ ጫማም አድርጉ፣ እንደ ጃርት እሾህ የሞላው ጥቁር ነገር አለ። ባለቤቴ ረግጦት ሦስት እሾህ ተረከዙ ውስጥ ገባ፣ ያረፍንበት ቤት የምታበስለው እናት ካልበሰለ ፓፓያ የሚወጣውን ወተት ቀቡለት፣ በማግስቱ መራመድ ቻለ።

ያልተፈታ ነገር አለኝ፣ አልደብቃችሁም። በጎን መተንፈስ አሁንም አልቻልኩም። ስልሳ ሁለቱን እጅ የወረወርኩት አብዛኛውን ጭንቅላቴን ቀና አድርጌ ነው፣ ቀና ባልኩ ቁጥር እግሬ ይወርዳል፣ ጨዉ ስላነሳኝ ነው የደረስኩት። ባለቤቴ በቀኝ ይተነፍሳል፣ በግራ ሲሞክር ውሃ ይጠጣል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በእኛ ሁለት ሰዓት፣ ፑሉ ውስጥ ነን፣ በጎን መተንፈስ የለመደ ካለ እባካችሁ መጥታችሁ አሳዩን።