ለእናቴ ደሴትን የመረጥኩላት ዓመት

አባታችን ካረፈ ሰባተኛ ወሩን በያዘበት ሰሞን፣ እህቴና እኔ እናታችንን ለአንድ ሳምንት ያህል ከቤት አውጥተን እንድናሳርፋት ተስማማን፤ ወዴት በሚለው ግን ተለያየን። እህቴ ሐረር እንውሰዳት አለች። እኔ ደግሞ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ወዳለችው ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ካልሆነ ብዬ ሞገትኩ። ሐዘን ለተጫነው ሰው ግርግር አይሆነውም፣ ጸጥታ ነው የሚያስፈልገው የሚለው ክርክሬ የረታው እውነትነቱ ተመርምሮ ሳይሆን፣ ታላቅ በመሆኔ ይመስለኛል።

ዛሬ ባቱ እስከምትባለው ከተማ ድረስ ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጉዞው አላደከማትም። ጀልባውን በማለዳ ይዘን ከአንድ ሰዓት በላይ በውኃው ላይ ተጓዝን። የሐይቁ ስፋት 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል፤ ስለዚህ ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው ጠዋት ቢነሳ ይመረጣል። የመመለሻችን ቀን የተከራየነው ጀልባ አርፍዶ በመምጣቱ ይህን በራሳችን አይተነዋል፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክንደርስ ድረስ ዓይኗን አልገለጠችም።

ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ሲሆን፣ በቤተ ክህነት ስሟ ደብረ ጽዮን ትባላለች። በአምስቱ ደሴቶች ላይ ለዘመናት የኖሩት የዛይ ሰዎች ናቸው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ቆይታለች የሚለውን ትውፊት እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ስለኖረች፣ የጽዮን ማርያምን ደጅ ስትሳለም ያነባችው እንባ ከለቅሶ ቤቱ እንባ የተለየ ነበር። በዚያች ጠዋት ምርጫዬ ትክክል እንደነበረ እርግጠኛ ሆንኩ።

ከሰዓት በኋላው ግን ረዘመ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወርደን ከሐይቁ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ይብራ ቀስ እያለ ያልፋል፣ ከሩቅ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይሰበስባሉ፣ ውኃው ድንጋዩን እየመታ ይመለሳል። እኔ ከቢሮው ጩኸት ወጥቼ የመጣሁ ሰው ነኝና ትከሻዬ ሲፈታ ተሰማኝ። እናቴ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ እንደገና እየጠቀለለች ብዙ ከቆየች በኋላ፣ ፊቷን ሳታዞር «ልጄ፣ ቤቴም እኮ እንዲሁ ዝም ያለ ነው» አለችኝ።

ምንም መልስ አልነበረኝም። ጸጥታው ያስፈለገኝ ለእኔ ነበር፤ የራሴን ድካም ለእሷ አልብሼላት ነው ያመጣኋት። እሷ ከማለዳ እስከ ማታ የምትሰማው የግድግዳ ሰዓት ድምፅ ብቻ ነበር፤ ያንኑ ጸጥታ በጀልባ አሻግሬ፣ በገንዘቤ ገዝቼ እንደገና ሰጠኋት።

በዓመቱ ሐረር ሄድን። እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ደንገጎን ሽቅብ ወጥተን ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ በመኪና ተጉዘን ጀጎል ገባን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ በውስጡ 82 መስጊዶችንና ከመቶ በላይ አውልያዎችን፣ ማለትም የሙስሊም ቅዱሳን መካናትን ይዟል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስለ ቅርሱ ብዙ ስለተጻፈ ወደ እናቴ ልመለስ።

ያረፍነው እንግዳ በሚቀበል የጌ ጋር፣ ማለትም በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ ነበር። መደቦቹ ነደባ ይባላሉ፤ ቀይ ቀለም ተቀብተው፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግ የተለየ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሸፍኗል። የቤቱ እመቤት በመጀመሪያው ማታ አንድ ያልተጨረሰ ሰፌድ ይዘው ሲሰፉ እናቴ ጠጋ አለች፣ አየች፣ አላስቻላትም፤ «አክርማውን የምትነክሩት በምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ወስፌውን አቀበሏት። ከባሏ ሕመም ጀምሮ ወስፌ ያልያዘ እጇ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው ቀዳዳውን አገኘና ዙሩን ያዘ። እኔና እህቴ መተኛታችንን እንጂ እነሱ እስከ ስንት ሰዓት እንደተጫወቱ አላወቅንም።

ከዚያ በኋላ እናቴን ቤት ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ጠዋት ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለው መድኃኔዓለም ኪዳን አድርሳ፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር መንገድ እያለፈች ከሰፊዎቹ ጋር ስለ ጨርቅ ዋጋ ትከራከራለች፤ ስትመለስ የገዛችውን ቅመም ለእመቤቲቱ ታሸትታቸዋለች። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ልናሳያት ወስደናት፣ ጅቡ ሥጋውን ከሚያበላው ሰው እጅ ሲቀበል አንገቴን አንቃ ይዛ ሳቀች፤ ያንን ሳቅ ከሰማሁት ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

ኋላ ላይ ሳነብ ያስደነቀኝ ነገር፣ የዛይ ሰዎች ቋንቋና የሐረር ሰዎች ቋንቋ እህትማማቾች መሆናቸው ነው። ሁለቱም ከስልጤ ጋር በአንድ የሴማዊ ቋንቋዎች ቅርንጫፍ ውስጥ ይመደባሉ። አንዱ ግንብ ባጠረው የገበያ ከተማ፣ ሌላው ውኃ በከበበው ደሴት ላይ ተጠብቆ ኖሯል። እኔና እህቴ የተከራከርንባቸው ሁለቱ ቦታዎች በዝምድናቸው ከእኛ ክርክር ይልቅ የቀረቡ ነበሩ።

ደሴቱን አልተውኩትም። የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ስልኬ ፋታ በሚሰጠኝ ወር ስንቄን ቋጥሬ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ሱቅ እንደልብ ስለማይገኝ እንጀራውንና የሚጠጣውን ውኃ ከባቱ መያዝ፣ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ ደግሞ ለመዋኘት አለመቸኮል ያስፈልጋል። ከዚያ ዛፍ ሥር ሁለት ቀን ስቀመጥ እንቅልፌ ይመለስልኛል። ጉዞ እንድመክራቸው ለሚጠይቁኝ ጓደኞቼም ዛሬ በመጀመሪያ የማነሳላቸው ጥያቄ ገንዘባቸውን ወይም የዕረፍት ቀናቸውን የሚመለከት ሳይሆን፣ ማታ ቤታቸው ሲገቡ የሚሰሙት ድምፅ ምን እንደሆነ ነው። በተለይም አረጋዊ ወላጅ ይዘው ለመሄድ ላሰቡት ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ሳይሆን ለወላጃቸው እንዲያቀርቡት አጥብቄ እለምናቸዋለሁ፤ እኔ እናቴን አንድም ጊዜ ሳልጠይቃት ነበር የወሰንኩላት።

ያ ሰፌድ አሁን እናቴ ዘንድ ነው፤ እመቤቲቱ ስንሰናበት ጨርሺው ብለው ሰጥተዋት ነበር። ክፈፉ ብቻ ቀርቶታል። እኔ ገበያ ወጥቼ ቀይ አክርማ ልግዛልሽ ብላት፣ የክፈፉን አያያዝ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ለጥር ሐረር ስንሄድ አብረን እንጨርሰዋለን ብላ፣ ወስፌውን እላዩ ላይ እንደሰካች በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።