ዳገት ላይ ብቻ የምታፏጭ መኪና

ሜዳውን ጨርሰን ዳገቱን ስንይዝ ጓደኛዬ ሬዲዮውን ዘጋ። «ትሰማለህ? መኪናዋ እያፏጨች ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀጠን ያለ ፉጨት አለ። ነዳጅ ስሰጥ ይመጣል፣ እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። መኪናችን ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልክ መሣሪያ) ያላት ናፍጣ ናት፣ ዕድሜዋም ገፋ ብሏል። ቱርቦ ደግሞ ጤነኛም ሆኖ ትንሽ ማፏጨቱ አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሄ ድምፅ ትናንትም ነበር ወይ?» የሚለው ነው። አልነበረም።

ጓደኛዬ ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘ። «ፖርቶ መጋላው ነው። ሻንጣውን ያሰርንበት ጠፍር ነፋስ እየመታው ነው።» ሊሆን ይችላል። የነፋስ ፉጨት ግን የመኪናን ፍጥነት ነው የሚከተለው፤ ሞተሩ በስንት ዙር እንደሚሽከረከር አያውቅም። በሁለት ዳገት መካከል አጭር ሜዳ አገኘንና ፍጥነቱን ሳልቀይር ማርሹን አንድ ደረጃ ቀነስኩ። ሞተሩ ጮኸ፣ ፉጨቱም አብሮ ቀጠነ። ፖርቶ መጋላው ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ቺንጋ ነው፤ ከሱ ጋር የዲናሞው ኩሽኔታ። እነዚህ የሞተሩን ዙር ይከተላሉ፤ ጭነት ኖረም አልኖረም ግድ የላቸውም። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ዳር ይዤ ቆምኩና በቆምኩበት ነዳጅ ሰጠሁ። ጸጥ። ቺንጋ ቢሆን ኖሮ ቆመንም ይጮህ ነበር።

የቀረው ጭነትን የሚከተል ድምፅ ነው። የናፍጣ ባለቤት ልብ ማለት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ የሚሠራው በጭስ ጉልበት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ባለቢላ የሆነ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው ሌላኛው መዘውር አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ የሚንሳፈፈውም በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡቺ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት ሲያስወጣለት፣ ያሳሰበው እንዲሁ በጭስ ማውጫ የሚባክነው ጉልበት ነበር። እንግዲህ የቆመ መኪና ላይ ነዳጅ ብትሰጥ ሞተሩ የሚጎትተው ነገር የለም። የሚቃጠለው ናፍጣ ጥቂት ነው፣ ጭሱም አቅም የለውም፣ ቱርቦውም ግፊት አይሠራም። በቱርቦው መስመር ላይ ቀዳዳ ያላት መኪና መካኒክ ፊት ስትደርስ ዝም የምትለው ለዚህ ነው። ሻንጣ ተጭኖባት ዳገት ስትወጣ ግን ሁሉንም ትናገራለች።

ትንሽ ያወዛገበኝ ከፍታው ነው። 2,500 ሜትር አካባቢ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት በጣም መሽከርከር አለበት፣ ፉጨቱም በራሱ ይቀጥናል። ምናልባት ሕመም የለም፣ መንገዱ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ጥቁር ጭስ። መኪናዋም መጎተት እያቃታት ነው።

ጥቁር ጭስ ከፉጨት ጋር ሲመጣ ነገሩ ይጠባል። የመኪናዋ ኮምፒውተር የገባውን አየር የሚለካው ፊልትሮው አጠገብ ነው፤ ናፍጣውንም በዚያ ልክ ይመድባል። የተለካው አየር መንገድ ላይ ካመለጠ ናፍጣው ይበዛል፣ ሳይቃጠል የቀረው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ዘይት ማለት ነው፤ ያኔ ሞተር አጥፍቼ ጎታች መኪና እጠራ ነበር። እንደ ሳይረን የሚወጣና የሚወርድ ጩኸት ሲጨመርበት ደግሞ የቱርቦው ቢላዎች ቤታቸውን እየነኩ ሊሆን ይችላል። የተበላሸ ቱርቦ ዘይት ወደ ሞተሩ ካስገባ፣ የናፍጣ ሞተር ያንኑ ዘይት እያቃጠለ በራሱ ጊዜ ይፈረጥጣል። ቁልፉን ብታጠፋውም አይሰማህም።

መንገዱ ቋጥኝ ተቆርጦ የተሠራበት ቦታ ላይ መስኮት ከፈትን። ድምፁ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይመለሳልና ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ከማዳመጥ በጣም ይሻላል። ፉጨቱ ከፊት፣ ከታች ነው።

ከላይ ስንደርስ ቆምን። ሞተሩን ወዲያው አላጠፋሁም፤ ነዳጅ ሳልሰጥ ትንሽ ደቂቃ በሚኒሞ ተውኩት። ከዳገት የመጣ ቱርቦ ግሏል፣ ዘይቱ እየዞረ ቢያበርደው ይሻላል። ካጠፋሁም በኋላ እስኪበርድ ጠበቅን። ጓደኛዬ ትዕግሥት የለውም፣ ኮፈኑን ቀድሞ ከፈተ።

የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቱቦ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚደፍነው፣ ቢያስወጣ ጥላሸት ይተዋል፤ ጩኸቱም ብርድ ላይ ይብሳል፣ ብረቱ ሲሞቅ ይቀንሳል። የእኛ ተቃራኒው ነው፣ ጥላሸትም የለም። ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም (አየር የተመጠጠበት) መስመር ቢሆን በሚኒሞም ይሰማል፣ የፍሬን ፔዳልም ይጠጥራል። ፍሬኑ ደህና ነው። ስለዚህ እጄን ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ወደሚያበርደው)፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ማኒኮቶዎች፣ ማለትም የጎማ ቱቦዎች፣ ላይ አሳለፍኩ። ውስጣቸው ትንሽ የዘይት ጭጋግ መኖሩ የተለመደ ነው። ቀዳዳ ሲያገኝ ወጥቶ አቧራ ይይዛል። ኢንተርኩለሩ ሥር ያለው ማኒኮቶ፣ ማሰሪያው አጠገብ፣ ጥቁር ጭቃ ለብሷል። ጠርገን ስናየው ምንም የለውም። ጎንበስ ሲደረግ ግን እንደ ከንፈር ተከፈተ። ቆሞ የሚዘጋ፣ ከ1 ባር በላይ ግፊት ሲመጣበት የሚከፈት ስንጥቅ።

ከመጠገን በፊት አንድ ነገር ማየት ነበረብኝ። አየር የሚያመልጥበት ቱርቦ የጎደለውን ለመሙላት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። የመግቢያውን ቱቦ ፈታሁና የቱርቦውን ባለቢላ መዘውር በጣቴ ነካሁት፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ሆኖ። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ችግር የለውም፣ ሲሠራ ዘይቱ ይሞላዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን የሚሰማ እንቅስቃሴ መኖር የለበትም። አልነበረም። ቢላዎቹም አልተጎዱም።

ጓደኛዬ ፕላስተር ሊጠቀልል ተነሳ። ዘይት የጠጣ ጎማ ላይ የሚለጠፍ ነገር ዳገት አይችልም። ማኒኮቶው ትርፍ ርዝመት ስለነበረው የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላ ቆርጠን ጣልን። ዘይቱን በደንብ ጠርገን መልሰን አስገባነው፤ ዘይት ካለ በግፊት ይንሸራተትና ይወልቃል። ማሰሪያውን በካቻቢቴ አጠበቅን። በቀጣዩ ዳገት ጭሱ ጠፋ፣ ጉልበቷም ተመለሰ። ፉጨቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ቁልቁለቱን ወርደን መካኒክ ጋር ስንደርስ በሚኒሞ የሳሙና ውኃ አልረጨም። ያ ምንም አያሳይም፣ ግፊት የለማ። የመግቢያውን አፍ ዘግቶ በኮምፕሬሰር ቀስ እያለ አየር ሞላ፤ ቱርቦው ራሱ ከሚሰጠው ግፊት እንዳያልፍ የግፊት መለኪያውን እያየ። ከዚያ ረጨ። እኛ የቆረጥነው ቦታ ደረቅ ነው። ኢንተርኩለሩ ሌላኛው አፍ ላይ፣ የጎማ ቀለበቱ ዙሪያ፣ አረፋ ተነሳ። ቀለበቱ ተቀየረ። ማኒኮቶውንም በአዲስ ቀየርነው፤ የተቀረው ጎማ ያው የተሰነጠቀው እኩያ ነው።