መሬት መሬት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብቶኛል። ለምን እንደሆነ ይቅር። እትዬ ዘ. ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «ምነው ልጄ መሬት መሬት ታያለህ? ሳንቲም ጠፋብህ?» አሉኝ። አልጠፋብኝም። ግን ንግግራቸው ከጆሮዬ አልወጣ አለ፤ ምክንያቱም መሬት መሬት እያየ የሚሄድ ሰው ከሁሉም የሚፈጥንበት አንድ ቦታ አውቃለሁ።

«ጎልደንአይ 007»፣ ኒንቴንዶ 64 በሚባለው የጌም ማጫወቻ ማሽን ላይ የሚጫወቱት። ከጄምስ ቦንድ ፊልሞች አንዱን ተከትሎ የተሠራ ጌም ነው። ፊልሙ በ1995 ነው የወጣው፤ እንግሊዝ አገር ትዋይክሮስ ያለው ሬር የተባለ ስቱዲዮ ጌሙን ያደረሰው ደግሞ በ1997፣ ፊልሙ ከተረሳ በኋላ። ማንም ግን መዘግየቱን አልቆጠረባቸውም።

ይህን ጌም ሰዓት እየለኩ ቶሎ ለመጨረስ የሚሽቀዳደሙትን ሰዎች ስክሪን ድንገት ያየ ሰው ተበላሽቷል ይላል። የሚታየው ወለል ብቻ ነው። ቦንድ ያን ሁሉ ኮት ለብሶ፣ ሽጉጡን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይበራል። ነገሩ ከማሽኑ አቅም የመጣ ነው። ረጅም ኮሪደር፣ ፍንዳታ፣ ጭስና አምስት ወታደር በአንዴ ሣል ሲባል ኒንቴንዶው ይንገዳገዳል፤ በሰከንድ የሚያወጣው የምስል ብዛት (ፍሬም) ይወርዳል፣ ሩጫውም አብሮ ይጎተታል። ወለል ግን ለመሣል ቀላል ነው። ዓይንህን ከዓለም ስትነቅል ማሽኑም ይገላገላል።

እንዲሁ ወደ ታች ማየት ብቻ ግን አይበቃም። መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን የስታርት ቁልፍ ተጭኖ የጌሙ ምርጫዎች ያሉበትን የቦንድን የእጅ ሰዓት መክፈት፣ ከዚያ «ሉክ አሄድ» (ወደፊት ተመልከት) የሚለውን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ካልጠፋ መራመድ ስትጀምር እይታው በራሱ ቀና ይላል። ቀጥሎ በቢጫው የታችኛው ሲ ቁልፍ እይታውን ማውረድ። ከዚያ ስቲኩን፣ ቦንድን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ፣ ወደፊት ገፍቶ የቀኙን ወይም የግራውን ሲ አብሮ መያዝ። ጌሙ የፊቱን ፍጥነትና የጎኑን ፍጥነት ይደምራቸዋል፣ ስለዚህ በሰያፍ የሚሮጥ ቀጥ ብሎ ከሚሮጠው ይቀድማል። ጣጣው አካሄድህ ወደ ጎን መንሸራተቱ ነው። ወደ ቀኝ የምትንሸራተት ከሆነ ፊትህን ትንሽ ወደ ግራ ማዞር አለብህ፣ ያለዚያ ግድግዳ እየላስክ ነው የምትሄደው። በር ደግሞ የሚከፈተው በቢ ቁልፍ ነው፤ ሲ ላይ የተቀመጠው ያው አውራ ጣት ወደ ቢ ሄዶ መመለስ አለበት። ሰዓት የሚባክነው እዚያ ነው፣ በር በር ላይ።

ስቲኩም ራሱ ያረጃል። ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ጎድጓዳው ፕላስቲክ ላይ እየተፋተገ ይፈጫል፤ ከፍተህ ስታየው ነጭ ዱቄት ታገኛለህ። የላላ ስቲክ እስከ ጥግ ቢገፋም ሙሉውን አያነብም፣ ቦንድም ሙሉ አይሮጥም። ቦንድ ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ጎን እየዞረ ካስቸገረ ግን መፍታት ሳያስፈልግ ስቲኩን ለቆ ኤልን፣ አርንና ስታርትን አንድ ላይ መጫን ነው፤ መሃሉን እንደገና ያገኛል። (ካርትሪጁን፣ ጌሙ ያለበትን ማሽኑ ላይ የሚሰካውን ሳጥን፣ አፍ ላይ አድርጎ እፍ ማለት ይቅር። የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። ጥጥና አልኮል አለ።)

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ለ2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። «ፋሲሊቲ» የሚባለውን የጌሙን ምዕራፍ፣ ከሦስቱ የክብደት እርከኖች በከባዱ፣ በ«00 ኤጀንት»፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ የጨረሰ ሰው ጥይት የማይጎዳው ቦንድ ይሸለማል። ከመጸዳጃ ቤቱ በላይ ካለው የአየር ማስተላለፊያ ወርደህ ትጀምራለህ፣ መጨረሻ ላይ ጋኖቹ ላይ ፈንጂ ለጥፈህ ኤና ቢን አንድ ላይ በመጫን ታፈነዳቸዋለህ። የእጅ ሰዓቱን ከፍተህ ማፈንጃውን ስትፈልግ አትንከራተት።

መሃል ላይ ግን ዶክተር ዶክ አለ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሳይንቲስት፤ ሳታነጋግረው ተልዕኮው አይሞላም። ስሙ የጌሙ ሠራተኞች አንዱ የነበረው የዴቪድ ዶክ ነው። የምትተኩስባቸው ወታደሮች ፊትም ከቢሮው ሰዎች ፎቶ የተወሰደ ነው፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው። ዶክ የሚቆምበት ቦታ በየሙከራው ይቀያየራል። አንዳንዴ መንገድህ ላይ ነው፣ አንዳንዴ ከመንገድህ የራቀ ክፍል ውስጥ። በሩን፣ መታጠፊያውን፣ የጣትህን አካሄድ አጥንተህ ጨርሰህ፣ እሱ ሩቅ ከቆመ ያ ሙከራ አበቃ፤ እንደገና መጀመር ነው። ተናደህ ብትገድለውም ተልዕኮው ይከሽፋል።

እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ለመፍጠን ወለል ማየት አለብህ። ዶክን ለማግኘት ደግሞ ቀና ማለት አለብህ፣ ሌሎቹም እንደሱው ነጭ ለብሰዋል። ቀና ካልክ ትዘገያለህ፣ ካላልክ በአጠገቡ ታልፋለህ። ጎበዞቹ የክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ለቅጽበት ብቻ ቀና ብለው መልሰው ይደፋሉ ይባላል። ቅጽበቷን ማን መተራት?

አሁን ሳስበው፣ እትዬ ዘ. ስለ ሳንቲሙ ከተናገሩ በኋላ ሌላም ነገር ብለውኝ ነበር። እኔ ደረጃውን አገባድጄዋለሁ። ቡና አፍልቻለሁ ነው ያሉት ወይስ ኪራዩን?