ሲጋሊት የምትባለው ሴትዮ

ቅዳሜ ለት ከእስራኤል ለእረፍት ከመጣ ጓደኛዬ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ ጥብስ እየበላን ነበር፣ ልጅ ሆኖ ነው ከቤተሰቡ ጋር ከጎንደር የሄደው፣ አማርኛው ትንሽ ቢንገዳገድም ቀልድ ላይ ግን ቀጥ ይልለታል። እና ስለ እናቱ አወራኝ። እዛ ሲገቡ ለብዙ ሰው የዕብራይስጥ ስም ይሰጡ ነበር፣ እናቱንም ሲጋሊት አሏት። አንድ ቀን ክሊኒክ ሄዳ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣለች፣ ነርሷ "ሲጋሊት! ሲጋሊት!" እያለች ትጣራለች፣ እሷ ደሞ ነጠላዋን እያስተካከለች አጠገቧ ላለችው "ውይ ይቺ ሲጋሊት የምትባል ምስኪን፣ ተራዋ አለፈባት እኮ" ትላለች።

በሳቅ የአሳው እሾህ ሊያንቀኝ ነበር። እሱም ሳቀ፣ ከዛ ሎሚውን አሳው ላይ ሲጨምቅ ሲጨምቅ ቆይቶ "አባቷ ያወጣላት ስም እኮ በጣም ነው የሚያምረው" አለኝ።

እንዲህ አይነቱ ቀልድ እዛ ቲቪ ላይም ወጥቷል። ዮሲ ቫሳ የሚባለው ኮሜዲያን በልጅነቱ በሱዳን በኩል በእግር የወጣ ልጅ ነው፣ ከሻይ ቤን አታር ጋር የሰሩት "ነብሱ" የሚለው ተከታታይ የቲቪ ኮሜዲ በ2018 እ.ኤ.አ. ኢንተርናሽናል ኤሚ የሚባለውን የቲቪ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ ወስዷል፣ የኛ አገር ተወላጅ ባልና አሽኬናዚ (ዘሯ ከአውሮፓ አይሁዶች የሆነ) ሚስቱ ናቸው ታሪኩ። ርእሱን ሳየው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ነብሱ ጠጋ በል" ሲል ነው የመጣልኝ፣ ደስ አለኝ። የአሜሪካኖቹን ኮሜዲያኖች እነ ሳይንፌልድን እነ ላሪ ዴቪድን ድሮም አያለሁ፣ አይሁድነታቸውን ራሳቸው ይዘው ሲቀልዱበት ሌላ ሰው ሊነጥቃቸው አይችልም፣ ይሄኛው ግን ርእሱ እንኳን በኔ ቋንቋ ስለሆነ በጣም ነው የነካኝ።

ምክንያቱም እኔ ልጅ እያለሁ ስለ ቤተ እስራኤል፣ ማለት ስለኛ አገር አይሁዶች፣ የሰማሁት ቀልድ ሁሉ የኛ ነበር፣ የነሱ አልነበረም። ቀን ቀጥቃጭ ማታ ጅብ፣ ቡዳ ምናምን። ርስት ተከልክለው ነው እኮ ወደ ብረትና ወደ ሸክላ የገቡት፣ ማረሻችንን ሲሰሩልን ጀበናና ምጣዳችንን ሲሰሩልን ኖረው እኛ በነሱ እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል፣ ያ ሳቅ ሰው ከሰፈር የሚያባርር ሳቅ ነው።

ይሄን ሁሉ ነገርኩትና የክሊኒኳን ቀልድ ለሌላ ሰው ባወራት ቅር ይልህ ይሆን አልኩት።

"አውራት፣ ግን የሷ ናት በል" አለኝ፣ "በየቡናው ራሷ እማዬ ናት የምታወራት።"