አድሮ ሲነሣ ብቻ የሚንኳኳ ሞተር፦ ምንጩን የለየሁበት መንገድ

ሞተር አድሮ ሲነሣ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ለመካኒክ ለማሳየት ከሌላው የመኪና ችግር ሁሉ ያስቸግራል፤ ከቤት እስከ ጋራዥ ባለው መንገድ ሞተሩ ይሞቃል፣ ዘይቱ የሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል፣ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ሲያዘነብልም የሚሰማው ጤነኛ ሞተር ብቻ ይሆናል። የእኔ መኪና ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለች፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ቫልቮላዎቿን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል በቺንጊያ ሳይሆን በካቴና የሚዞር አነስተኛ የጃፓን የቤት መኪና ናት። ድምፁ የጀመረው በታኅሣሥ ወር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀኗ የሚሞቅ፣ በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባት ከተማ ስለሆነች፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ዘንድ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብርዱ ሆነ።

ድምፁ ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ እንደተነሣ ካቴናው ባለበት ጎን የሚሰማ፣ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ሲንገጫገጭ የሚመስል ደረቅ ኳኳታ ነበር፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሴኮንድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም። ስለ ጉዳዩ ካማከርኳቸው መካኒኮች አንዱ ገና ነገሬን ሳልጨርስ፣ «ጋሼ፣ ይህ ካቴና ነው፤ ጥርስ ሳይዘል ሞተሩን እናውርደው» አለኝ። «ድምፁን ሰምተኸዋል?» ብለው፣ «አይ፣ ከአነጋገርዎ ነው» ሲል መለሰልኝ። ግምቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ሆኖም ሞተር ማውረድ በአነጋገር ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ስለዚህ ድምፁ ምን ይመስላል ከሚለው ይልቅ ምን ያህል ይቆያል፣ ምንንስ ተከትሎ ይጠፋል የሚለውን ለማወቅ ተነሣሁ። ድምፅን በቃል መግለጽ አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ «ኳኳታ» የሚለውን ሌላው «ጩኸት» ይለዋል። የቆይታው ጊዜ ግን በስልክ ሊቀረጽና ሊቆጠር ይችላል። ስልኬን ከመሪው አጠገብ አስቀምጬ፣ የዳሽቦርዱ የዘይት ግፊት መብራት በምስሉ እንዲታይ፣ የሞተሩም ድምፅ በተከፈተው በር እንዲገባ አድርጌ ጠዋት ጠዋት እቀርጽ ጀመር። ከቅጂዎቹ የወጣው ነገር አንድ ነበር፦ የዘይት መብራቱ ከወትሮው ትንሽ ዘግይቶ ይጠፋል፣ ኳኳታውም መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው ይቆማል።

ይህ የጊዜ ጉዳይ ብዙ ተጠርጣሪዎችን ያለ መፍቻ አሰናበተልኝ። የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ሲያፈስ የሚሰማው ቲክ ቲክታ ብረቱ ሞቆ እስኪሰፋ ድረስ ለደቂቃዎች ይቆያል፣ አብዛኛውን ጊዜም በመጋጠሚያው ላይ የጥቀርሻ ምልክት ይተዋል። በሲሊንደሩ ውስጥ የላላ ፒስተን የሚያሰማው የታፈነ ምት እንዲሁ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። የሞተሩ ዘንግ የሚያርፍበት ብሮንዚን ከበላ ምቱ ከሞተሩ ሥር የሚመጣና ከባድ ሆኖ፣ ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ ሲቀጥንና ጭነት ሲበዛበት ይብሳል፤ የእኔው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው የሞተሪኖ ጥርስ ሳይመለስ ቢቀር የሚሰማው ፍጭት ሞተሩ ከመነሣቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዘይት መብራቱ ጋር ዝምድና የለውም።

ዲናሞውን የሚያዞረው የውጭው ቺንጊያ ግን በቀላሉ የሚተው አልነበረም፤ ሐይቁ አጠገብ ባለው ሰፈራችን በቀዝቃዛ ጠዋት ጤዛ መኪናውን ሁሉ ስለሚያለብሰው የረጠበ ቺንጊያ መንሸራተቱ የተለመደ ነው። የተለመደው ፍተሻ ሞተሩ እየሠራ በቺንጊያው ላይ ጥቂት ውኃ መርጨት ነው፤ ድምፁ ከተለወጠ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሦስት ሴኮንድ ብቻ ለሚቆይ ድምፅ ይህ ስለማያመች፣ ማታ ቺንጊያውን አውልቄ ጠዋት ያለ እሱ አስነሣሁትና ወዲያው አጠፋሁት። ያለ ቺንጊያ ዲናሞውም አይዞርም፣ በብዙ መኪኖችም የውኃ ፓምፑ አብሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ይህን የሚሞክር ሰው ከጥቂት ሴኮንድ በላይ ሊያስኬደው አይገባም። ኳኳታው እንደ ወትሮው ነበር።

ነገሩን የለወጠው በዕቅድ ያላደረግሁት አንድ ጉዞ ነው። ቤተሰቤን ይዤ ወደ ዘጌ ሄድኩና መኪናዋን ጠዋት አቁሜ ገዳማቱን ስንጎበኝ ውለን፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ ከሰዓት በኋላ ተመለስን። ቁልፉን ሳዞር ያው ኳኳታ፣ ያው ርዝመት። ቀኑ ላብ የሚያወጣ ነው፤ ብርድ የለም። ምክንያቱ ቅዝቃዜ ቢሆን ኖሮ ድምፁ በዚያ ሙቀት መጥፋት ወይም ቢያንስ መቀነስ ነበረበት። ታዲያ ከሌሊቱ ጋር የሚመሳሰለው ነገር ምንድን ነው ቢባል አንድ ብቻ ነው፦ መኪናዋ ለብዙ ሰዓት ቆማለች። ብርድና ረጅም መቆም በየጠዋቱ አብረው ስለሚመጡ አንዱ በሌላው ስም ይከሰሳል፤ ሁለቱን የሚለያያቸው እንዲህ ያለ ሞቃት ቀን ነው። አሁን ሰው ስለ ጠዋት ድምፅ ሲጠይቀኝ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ በቀትር ለረጅም ሰዓት አቁሞ አስነሥቶ ያውቅ እንደሆነ ነው።

ሲቆም የሚሆነው ነገር ዘይት መውረዱ ነው። ሞተር ሲጠፋ የላይኛው ክፍል ዘይት ከሥር ወዳለው የዘይት መያዣ (ኮፓ) ይወርዳል፤ ይህ በራሱ ጤነኛ ነው። ነገር ግን የዘይት ፊልትሮው ወደ ጎን በሚታሰርባቸው ወይም አፉ ወደ ታች በሚዘቀዘቅባቸው ሞተሮች ላይ፣ በፊልትሮው ውስጥ ያለው ዘይት አብሮ እንዳይፈስ የሚያግድ ቀጭን የጎማ ክዳን አለ። ይህ ጎማ ከደረቀ ፊልትሮው ሌሊቱን ባዶ ይሆናል፤ ጠዋት ፓምፑ መጀመሪያ ፊልትሮውን መሙላት፣ ከዚያ መተላለፊያዎቹን መሙላት፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታ) መውጣት አለበት። በብዙ ሞተሮች የካቴናው መወጠሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ ግፊቱ እስኪደርስ ካቴናው ላልቶ ሽፋኑን ይመታል። ስለዚህ ያ መካኒክ ድምፁን ሳይሰማም በትክክል ጠርቶታል፤ የሚጮኸው ካቴናው ነው። የሚያስጮኸው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማረጋገጥ ያደረግሁት ፍተሻ ከሁሉም የምወደው ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ አወጣሁና በሞተሪኖው ብቻ ለአምስት ሴኮንድ ያህል አዞርኩት፤ ቤንዚን ከመስመሩ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ጊዜ ሊያስነጥሰው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት ፓምፑ ብቻ ይሠራል። ሞተሪኖውን ለማሳረፍ ጥቂት ጠብቄ አንድ ጊዜ ደገምኩት፣ ፊውዙን መለስኩ፣ አስነሣሁ። ኳኳታ የለም። ካቴናው ረዝሞ ወይም መወጠሪያው ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ አስቀድሞ መድረሱ ድምፁን እንዲህ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም ነበር። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ በፓርክ፣ ማኑዋል ከሆነ በዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ የግድ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሞተሩን ሳላስነሣ ፊልትሮውን ፈታሁት። ጥሩ ፊልትሮ አድሮም ቢሆን ሲፈታ ዘይት ይዞ መገኘት አለበት፤ ከእኔው የወጣው ግን የጣሳውን ሥር የማያለብስ ነው። በዙሪያው ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ ጥቁሩን ጎማ በክብሪት እንጨት ገፋ አደረግሁት፤ ወደ ውስጥ ገባ፣ አልተመለሰም። አዲሱን ከሱቁ ከመግዛቴ በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ በተመሳሳይ እንጨት ስሞክረው ጎማው ወዲያው ተመልሶ ቀዳዳውን ገጠመ። አሮጌውን ቤት ወስጄ በሴጌቶ ዙሪያውን ከፈትኩትና ጎማውን አወጣሁት፦ ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ በጣት ሲታጠፍም እንደ ፕላስቲክ ቀጭ ይላል። ከሲሊኮን የሚሠሩት ክዳኖች፣ ብዙውን ጊዜ ቀያይና ብርቱካንማ የሆኑት፣ ከተራው ጥቁር ጎማ ይልቅ ሙቀትን ይችላሉ፤ በዋጋም ብዙ ስለማይለያዩ እኔ እነሱን እመርጣለሁ።

የዘይቱን ጉዳይ ሆን ብዬ ለኋላ አቆየሁት። በመኪናዋ ውስጥ የነበረው ዘይት የውፍረት ቁጥሩ 20/50 ሲሆን፣ የአምራቹ መጽሐፍ የሚያዘው 5/30 ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ብለውጥ ድምፁን ያጠፋው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እቀር ነበር፤ ስለዚህ ፊልትሮውን ብቻ ለውጬ የጎደለውን ያህል በዚያው ዘይት ሞላሁ። ኳኳታው ከሦስት ሴኮንድ ወደ አንድ ቅጽበት ወረደ። በኋላ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ሲደርስ ወደ 5/30 ስዞር የቀረውም አብዛኛው ጠፋ። የፊተኛው ቁጥር የሚያመለክተው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን ነው፤ ባለ 5ው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ፣ ባለ 20ው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ይፈተናል። የባሕር ዳር ጠዋት ከሁለቱም የራቀ ስለሆነ 20/50 ሞተርን ከመነሣት አያግደውም፤ ነገር ግን በ10 ዲግሪም ቢሆን ከ5/30 በግልጽ ወፍራም ነው፣ ወደ ቴስታታም ዘግይቶ ይወጣል። «ወፍራም ዘይት ለአሮጌ ሞተር» የሚለው የሰፈር ምክር ለድምፅ ማፈኛ ይሆን ይሆናል፤ በዘይት ግፊት የሚወጠር ካቴና ላለው ሞተር ግን አይመቸውም።

በዚህ ሁሉ መሃል በከተማችን የተለመደውን፣ ሞተር እንደተነሣ ነዳጅ እየረገጡ ማስጮኽን፣ ተውኩት። ዘይት ባልደረሰባቸው በእነዚያ ሴኮንዶች ካቴናውን ከሽፋኑ ጋር ይበልጥ የሚያላትመው እሱ ነው፤ መብራቱ እስኪጠፋ እግርን ከፔዳሉ ማራቅ በቂ ነው። ድምፁ ከባድና ከሥር የሚመጣ ሆኖ መብራቱ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላም የማይጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያው አጥፍቶ የዘይቱን መጠን ማየት፣ ጎድሎ ካልተገኘ ደግሞ ዳግም ሳያስነሡ ማስጎተት ይሻላል። ለመካኒክ ማሳየት የሚፈልግም ሰው መኪናውን ጋራዥ አሳድሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መካኒኩ ባለበት እንዲነሣ ቢያደርግ ስለ ድምፁ ከመተረክ ያድነዋል።

አሁንም በጥር ቀዝቃዛ ጠዋት፣ መኪናዋ ከአንድ ሌሊት በላይ ቆማ ከሆነ፣ አንዲት አጭር ቀጭታ አልፎ አልፎ ትሰማለች። ይቺኛዋ ከመወጠሪያው ይመስለኛል። በእኔ ሞተር ላይ መወጠሪያው ሞተር ሳይወርድ ከውጭ በኩል የሚፈታ ስለሆነ፣ ቀጭታዋ ከረዘመች እሱን ብቻ አስቀይራለሁ፤ እስከዚያው ግን በየወሩ በስልክ እየቀረጽኩ ርዝመቷን ከቀድሞዎቹ ጋር አስተያያለሁ።