ተዋጊ ጀት ሲገዛ ጥርሱ የሚታየው የት ነው?

ፍኖተ ሰላም ወይም ቢቸና ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ አስቀድሞ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ቀንዱና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ባህር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ተዋጊ ጀት ሲወራ ግን ክርክሩ ሁሌም ከቀንዱ ይጀምራል፦ የትኛው ይፈጥናል? የትኛው ራዳር ላይ አይታይም? ሱኮይና ኤፍ-16 ቢገናኙ ማን ይጥላል? ጥያቄዎቹ ደህና ናቸው። ገንዘቡን የሚከፍለው አየር ኃይል ግን ጥርሱን የሚያየው በሞተሩ ቀሪ ሰዓት፣ በመለዋወጫው ምንጭ፣ በመንደርደሪያው ከፍታና በሻጩ መንግሥት ፈቃድ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከከፍታው ልጀምር፤ ለደጋ አገር ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው።

አምራቾች በብሮሹራቸው ላይ የሚጽፉት የመንደርደሪያ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በባህር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት ነው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቀትር ላይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲገባ የአየሩ እፍጋት ከባህር ጠለሉ 77 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። አየሩ ሲሳሳ ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚውጠው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል። እነዚህ ሁለት ጉዳቶች እርስ በርስ ይባዛሉ። በባህር ጠለል 800 ሜትር ተንደርድሮ የሚነሳ ጀት ባህር ዳር ቀትር ላይ 1,300 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ላይ፣ በ22 ዲግሪ ሙቀት ቢሰላ ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋል።

ማረፉም ቀላል አይደለም። በዚያው የባህር ዳር ቀትር ጀቱ መሬት የሚነካበት ፍጥነት በ14 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፍሬኑ የሚያበርደው ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጭማሪው 30 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ጎማና ፍሬን ከታሰበው ጊዜ ቀድመው የሚያልቁት ለዚህ ነው። የሩሲያው ሱኮይ ሱ-27 ከጅራቱ የማቆሚያ ፓራሹት ስለሚዘረጋ ፍሬኑ ፋታ ያገኛል። ፓራሹቱን በየበረራው ማጠፍና ማድረቅ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው፤ በክረምት ዝናብ እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ፓራሹት ይበሰብሳል።

ስዊድን ግሪፐን የተባለውን ተዋጊ ጀቷን ስታስተዋውቅ 800 ሜትር በሆነ አውራ ጎዳና ላይ ተነስቶ ያርፋል፣ አንድ ቴክኒሻንና አምስት ወታደሮች በ10 ደቂቃ ውስጥ ነዳጅና ሚሳይል ሞልተው ይመልሱታል ትላለች። ጀቱ በእርግጥም ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለአነስተኛ አየር ኃይል ከዚህ የተሻለ አስተሳሰብ አላየሁም። ነገር ግን ያ 800 ሜትር የስዊድን 800 ሜትር ነው፤ ዝቅ ያለ መሬት፣ የቀዘቀዘ አየር። ይህን ስሌት ሳይሠራ የገዛ አየር ኃይል ደጋ ላይ ሲደርስ ወይ ነዳጅ ይቀንሳል ወይ ቦምብ ያወርዳል። ያኔ ብሮሹሩ ላይ ያየው የበረራ ርቀት አብሮ ይቀንሳል። በንጋት መብረር የተወሰነውን ያስመልሳል፤ ጠላት ግን ሰዓት አይመርጥም።

ጠጠርና ወፍም አሉ። የኤፍ-16 የአየር ማስገቢያ ከሆዱ ሥር፣ ለመሬት ቀረብ ብሎ ስለተቀመጠ መንደርደሪያው በየጊዜው መጠረግ፣ በእግር ተኪዶም መለቀም አለበት። ሩሲያኖቹ ይህን አስበውበታል። ሚግ-29 መሬት ላይ ሲንደረደር ዋናው ማስገቢያው ይዘጋና አየሩ ከላይ ባሉ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ሱ-27 ደግሞ ማስገቢያው ውስጥ የሚነሳ ወንፊት አለው። እንደ ጣና ዳር ፔሊካን በሚበዛበት አካባቢ ባለ አንድ ሞተርና ባለ ሁለት ሞተር ጀትን ማወዳደር ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ሞተር አብራሪውን ወደ ቤቱ ይመልሳል፤ ነገር ግን በየወሩ የሚከፈልበት ነው።

ስንት ይከፈልበታል? የሱ-27 ሞተር ኤኤል-31ኤፍ እያንዳንዱ 12.5 ቶን ገደማ ግፊት ይሰጣል፤ ጀቱ በሆዱ 9.4 ቶን ነዳጅ ይይዛል። ኤፍ-16 በውስጥ ታንከሮቹ የሚይዘው 3.2 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ሱ-27 ያለ ተጨማሪ ታንከር ሩቅ ይሄዳል፤ ለሰፊ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሞተሩ ግን በ1,000 ሰዓት ገደማ ወርዶ ሙሉ እድሳት ይደረግለታል። እስኪ እናስላው። 12 ጀት ያለው አንድ ስኳድሮን ለእያንዳንዱ ጀት አንድ ተኩል አብራሪ ቢይዝ 18 አብራሪ ይሆናል። አብራሪ ብቃቱ እንዳይወርድ በዓመት 180 ሰዓት ይብረር ብንል ድምሩ 3,240 ሰዓት ነው። በባለ ሁለት ሞተር ጀት ይህ 6,480 የሞተር ሰዓት ነው፤ ማለትም በየዓመቱ ስድስት ወይም ሰባት ሞተር ወርዶ ወደ እድሳት ፋብሪካ ይላካል። ሄዶ እስኪመለስ ብዙ ወራት ይፈጃል። ተለዋጭ ሞተር አስቀድሞ ያልገዛ አየር ኃይል በሁለተኛው ዓመት ሞተር ከአንዱ ጀት እየነቀለ ለሌላው ይገጥማል። አንድ ጊዜ የተነቀለለት ጀት ደግሞ ቀስ በቀስ የመለዋወጫ መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

በገጠር ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ኩሽኔታው ሲሰበር ወይም ቺንጋው ሲበጠስ፣ ዕቃው ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ ካልተገኘ በቀር ወፍጮው ይቆማል፤ ሞተሩ አዲስ መሆኑ አይረዳም። ደቡብ አፍሪካ 26 ግሪፐን ገዝታ ሳለ የጥገና ድጋፍ ውሉ ስላልታደሰ ከ2021 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ጀቶቹ መሬት ላይ ቆመዋል። ጀቶቹ አልተበላሹም፤ የጎደለው ውል ነው። ሀብታሞቹም ከዚህ አላመለጡም። የአሜሪካ መንግሥት ሒሳብ መርማሪ ተቋም እንዳሳወቀው በመጋቢት 2023 ከአሜሪካ ኤፍ-35ዎች ለግዳጅ ዝግጁ የነበሩት 55 በመቶ ገደማ ናቸው። የበረራ ሰዓቱም ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። 12 ጀት ገዛን ሲባል የሚነሱት ስድስት ወይም ሰባት ናቸው ብሎ ማሰብ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋጋው። ኤፍ-35ኤ በ14ኛው ዙር ምርቱ ለአንዱ 77.9 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። ፖላንድ ግን በ2020 ለ32 ጀት 4.6 ቢሊዮን ዶላር ፈረመች፤ ስናካፍለው ለአንዱ 144 ሚሊዮን ገደማ ነው። ማንም አላጭበረበራትም። 77.9ኙ ከፋብሪካ በር የሚወጣው ጀት ዋጋ ብቻ ነው፤ የፖላንዱ ስልጠናን፣ ሲሙሌተርንና የሎጂስቲክስ ድጋፍን ይጨምራል። ህንድ በ2016 ለ36 የፈረንሳይ ራፋል ጀቶች 7.87 ቢሊዮን ዩሮ ስትፈርም ለአንዱ 218 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ፤ ውስጡ ሚሳይል፣ መለዋወጫና ለህንድ ብቻ የተደረጉ ማሻሻያዎች አሉበት። ክሮኤሺያ ደግሞ ፈረንሳይ ስትገለገልባቸው የነበሩ 12 ራፋሎችን በ1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ወሰደች። አንድ ዓይነት ጀት፣ የተለያየ ቁጥር። በሬ ብቻ የገዛና በሬውን ከነሞፈሩ፣ ከነቀንበሩ፣ ከነማረሻው የገዛ ሰው ዋጋቸው ቢለያይ ማንም አይገረምም።

ዜና ላይ የሚወጣውንም ቁጥር ጠንቀቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። አሜሪካ በመንግሥት በኩል ስትሸጥ ለኮንግረሷ የምታሳውቀው ገንዘብ ጣሪያው ነው፤ ውሉ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ይፈረማል። ኮንግረሱ ለመቃወም 30 ቀን አለው፤ ለኔቶ አባላትና ለጥቂት ወዳጆች 15 ቀን። ማስታወቂያ ማለት ሽያጭ ማለት አይደለም፤ ሽያጭም ማለት ርክክብ አይደለም። ታይዋን 66 አዳዲስ ኤፍ-16 እንድትገዛ በ2019 ተፈቀደላት፤ የመጀመሪያውን የተረከበችው በመጋቢት 2025 ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ፈቃዱ ነው፤ ይህን ደግሞ ኢትዮጵያ በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1977 በኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5ዎች ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር ገጥመው በአየር ላይ የበላይ ሆነዋል። በዚያው ዓመት ግን አሜሪካ የመሣሪያ አቅርቦቷን አቋርጣለች፤ ታዘው የነበሩት ጀቶችም ሁሉም አልደረሱም። አገሪቱ ጦርነት መሃል ላይ ወደ ሶቪየት መሣሪያ ተሻገረች። ለቴክኒሻኑና ለአብራሪው ይህ ማለት ብሎኑ ከኢንች ወደ ሚሊሜትር፣ የከፍታ መለኪያው ከጫማ ወደ ሜትር፣ መመሪያው ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተለወጠ ማለት ነው። ፓኪስታንም 28 ኤፍ-16 ለመግዛት 650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍላ በ1990 ማዕቀብ ሲመጣ ጀቶቹ አሜሪካ በረሃ ውስጥ ቀሩ። ጉዳዩ የተዘጋው በ1998 ነው፤ ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ ስንዴን ጨምሮ በሸቀጥ።

ፈቃዱ የሚያስፈልገው ከሻጩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደቡብ ኮሪያ ኤፍኤ-50ን ለአርጀንቲና ልትሸጥ አስባ በ2020 ተሰናከለች፤ ጀቱ ውስጥ ስድስት የእንግሊዝ ክፍሎች ስላሉ እንግሊዝ አልፈቀደችም። አርጀንቲና ኋላ በ2024 ከዴንማርክ 24 ያገለገሉ ኤፍ-16 ገዛች። ግሪፐን የስዊድን ቢሆንም ሞተሩ የአሜሪካ ነው፤ ዋሽንግተን እምቢ ካለች ስዊድን ብቻዋን መሸጥ አትችልም። ጄኤፍ-17 የፓኪስታንና የቻይና ይባላል፤ ሞተሩ አርዲ-93 ግን ሩሲያዊ ነው። ከሩሲያ በቀጥታ መግዛትም በአሜሪካ የ2017 ሕግ ማዕቀብ ሊያመጣ ይችላል። ኢንዶኔዥያ 11 ሱ-35 ለመግዛት ፈርማ ትታዋለች። ቱርክ የሩሲያን ኤስ-400 የአየር መከላከያ ሚሳይል ስለገዛች በ2019 ከኤፍ-35 ፕሮግራም እንድትወጣ ተደርጋለች። ስለዚህ ጀት ሲመረጥ ከፍጥነቱ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሞተሩ፣ ራዳሩ፣ አብራሪውን በአደጋ ጊዜ ከጀቱ የሚያስወጣው መወርወሪያ ወንበርና ሚሳይሉ የየትኛው አገር እንደሆኑ መጻፍ ይገባል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍሩት አገሮች በበዙ ቁጥር እምቢ ማለት የሚችለውም ይበዛል።

ማን ማንን ይጥላል ለሚለው ጥያቄ አጭር መልስ ልስጥ። በየካቲት 1999 የኢትዮጵያ ሱ-27ዎች ከኤርትራ ሚግ-29ዎች ጋር ተዋግተው ጥለዋል። ሁለቱም የሩሲያ ጀቶች ነበሩ፤ ከተተኮሱት የመካከለኛ ርቀት አር-27 ሚሳይሎች ብዙዎቹ እንደሳቱ በተደጋጋሚ ይነገራል። በግንቦት 2025 በህንድና በፓኪስታን መካከል በተደረገው ውጊያ ደግሞ ፓኪስታን በቻይና ሠራሹ ጄ-10 የህንድን ራፋል ጣልሁ አለች፤ የህንድ ጦር ኃይሎች አዛዥ ጀት መጥፋቱን አምነው ብዛቱንና ዓይነቱን አልተናገሩም። ዘመናዊ ውጊያ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ከአድማስ ባሻገር ነው፤ ቀድሞ ያየ፣ መረጃውን ለጓዱ ያስተላለፈና ዕድሜው ያላለፈ ሚሳይል የያዘ ያሸንፋል። አምራም የተባለው አንድ የአሜሪካ የአየር ለአየር ሚሳይል ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። 12 ጀት እያንዳንዱ አራት ሚሳይል ይዞ ሁለት ጊዜ ቢነሳ 96 ሚሳይል ነው፤ ያን ያላሰበ በጀት ጀቱን ያለ ጥርስ ያስቀረዋል።

ያገለገለ ጀት ለአፍሪካ አየር ኃይሎች የተለመደ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ በ1998 የወሰደቻቸው ሱ-27ዎች ያገለገሉ ነበሩ። አንጎላ የገዛቻቸው 12 ሱ-30ዎችም ህንድ ተገልግላባቸው የመለሰቻቸው፣ ቤላሩስ ውስጥ የታደሱ ናቸው። ያገለገለ መግዛት ክፋት የለውም፤ በሬም አምስት ዓመት አርሶ ገና ጉልበት ይኖረዋል። መታየት ያለበት የጀቱ የበረራ መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የተሟላ መሆኑ ነው፤ ገጽ የጎደለው መዝገብ ጥርሱ የተሞረደ በሬ ማለት ነው። አዲሱ የኤፍ-16 ሥሪት ብሎክ 70 ለ12,000 ሰዓት፣ የቀድሞዎቹ ለ8,000 ሰዓት ታስበው ስለተሠሩ የቀረውን መቀነስ ቀላል ነው። የሶቪየት ዲዛይኖች ግን በሰዓትም በዓመትም ይቆጠራሉ፤ ብዙ ያልበረረ ጀት ዓመቱ ካለፈ ያለ እድሳት አይነሳም። ከዚያ ክንፉ ከሰውነቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ፣ በረጅም ጊዜ ማቆሚያ የደረቁ የነዳጅና የሃይድሮሊክ ጎማዎች፣ ውሃ የገባበት የሽቦ መገናኛ ይፈተሻሉ። በመጨረሻም የመወርወሪያ ወንበሩ ፈንጂዎች ላይ የተጻፈው ቀን ይታያል። እነሱ እንደ መድኃኒት የሚያበቁበት ቀን አላቸው፤ ቀኑ ካለፈ ሞተሩም ራዳሩም ደህና ሆኖ ሳለ አብራሪውን ማንም ኃላፊነት የሚሰማው አዛዥ አያስነሳውም።